ቋጠሮ ያለበት ሽቦ

ሰፈሩ ዶክተር የሚለው ሬዲዮ ስለሚያክም ነው እንጂ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጅ እንኳን አልረገጠም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቴፕ፣ ሬዲዮና ስፒከር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ለሰው ደግ ነው፤ በሙያው የመጣበትን ግን አይምርም። ደንበኛ ተሳስቶ "ምናልባት አንተ ስትገጥመው ይሆን?" ካለ አበቃለት፣ ዕቃውን አንጠልጥሎ እንዲወጣ በሩን ያሳየዋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የወንድሙ ልጅ መጣችበት። ወንድሙ፣ ያ የእናቱ ልጅ፣ ታናሹ፣ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ልጅቱ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። በአንድ እጇ የአባቷን ቤዝ ጊታር፣ በሌላው የጫማ ካርቶን የምታክል የድምፅ ማጉያ ይዛለች። ከኋላዋ ባለጋሪው ወገብ የሚደርስ አረንጓዴ ሳጥን አቅፎ እያቃሰተ ገባና መሬት ላይ ዘጭ አደረገው።

"ጋሼ፣ እስቲ ይሄን እየው። ምን እንደሆነ ንገረኝ፤ ለቤዝ የሚሆን ከሆነም አስተካክልልኝ።"

"ከየት አመጣሽው?"

"ከኛው ዕቃ ቤት። እማዬ ጫማ ትደረድርበት ነበር። ፊቱ ላይ የተመታውን ጣውላ ብነቅለው ሁለት ስፒከር ተቀምጧል። በማጉያዬ ሞከርኩት፣ ቀጭኑ ክር ደህና ይሰማል፤ ወፍራሙን ስመታው ግን ድምፁ የት እንደሚገባ እንጃ።" ጣቶቿን አየች። "መቼም የጣት ድክመት ከአባዬ ነው የወረስኩት። 'የኛ ዘር ጣት ለዚህ አልተፈጠረም፣ ይቅርብሽ' ይለኝ ነበር። አንተም አይሆንም ካልከኝ ጊታሩን ሸጬ ዕረፍት አገኛለሁ።"

ስለ ወንድሙ ጣት ሲነሳ ወሬ መቀየር የዶክተር ልማድ ነው። ሳጥኑን በጉልበቱ ተደግፎ በእጁ አንጓ ኳ ኳ አደረገው፤ አረንጓዴውን ቀለም በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርገው ከሥሩ ጥቁር ወጣ። ማዕዘኖቹ እንደተጠላለፉ ጣቶች አንዱ አንዱ ውስጥ ገብተዋል እንጂ ምስማር አልነካቸውም።

"የሲኒማ ቤት ነው" አለ። "ድሮ ከመጋረጃው ጀርባ ይቆም የነበረ። ሲሠራ ለቤዝ አልነበረም፣ በኋላ አንድ ሰው ለውጦታል። ይኸው፣ አንደኛውን ቀዳዳ ደፍኖ ሁለተኛ ስፒከር ጨምሮበታል። እንዴት አድርጎ እንደደፈነው አየሽ? ይሄ ሰውዬ ማንም ይሁን ማን ሥራ ያውቃል።"

እሱ ሌላ ባለሙያ አፉን ሞልቶ ሲያመሰግን ማንም ሰምቶት አያውቅም።

ከዚያ የጀርባውን ብሎኖች ፈታ። ድምፁ ውስጥ ለውስጥ እንዳያስተጋባ ሳጥኑ ውስጡ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ ግራጫ ነው፣ ዳርና ዳሩ ላይ ቀይ መስመር ያለበት። ዶክተር ክው አለ። ያን ብርድ ልብስ የት ያጣዋል? እሱና ወንድሙ ልጆች ሆነው አብረው የሚለብሱት፣ አንዱ ወደ ራሱ ሲጎትተው ሌላው በብርድ የሚያድርበት፣ የእናታቸው ብርድ ልብስ ነው። በመቀስ የቆረጠው ደግሞ ራሱ ነው።

"እኔ ነኝ የሠራሁት" አለ። "ለአባትሽ። ሸጥኩት ብሎኝ ነበር እኮ።"

አልሸጠውም። ቀለም ቀብቶ፣ ፊቱ ላይ ጣውላ መትቶ ጫማ አስደርድሮበት ሃያ ስድስት ዓመት አብሮት ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወንድምየው ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ እንቅልፉም ምግቡም ቤዝ ነው። አንድ የሙዚቃ ቡድን ለሦስት ወር እንሞክርህ አለውና ታላቅየው ይህን ሳጥን ሠርቶ ሰጠው። በሦስተኛው ወር መሪው ጠርቶ "ወንድሜ፣ ቤዝህ አይሰማም፤ ጣትህ ደካማ ነው" ብሎ አሰናበተው። ቅስሙ ስብር አለ። ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቀለና መጋዘን ጠባቂ ሆነ፤ መጋዘን ሲጠብቅ ሞተ።

"እስቲ አሁን ምን እንደነካው እንየው" አለና ዶክተር ከግድግዳ ሰዓቱ ላይ ባትሪ አወጣ። ይቺ የሙያው ዘዴ ናት፤ ባትሪውን ከሳጥኑ መግቢያ ጋር ሲያነካኩት ስፒከሮቹ ጠቅ ይላሉ፣ የሁለቱም ሽፋን እኩል ወደ ውጭ ይወጣል።

አነካካ። የላይኛው ወደ ውጭ ወጣ። የታችኛው ወደ ውስጥ ገባ።

ደገመው። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረ። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፤ ቀጭኑ ድምፅ እንደምንም ያመልጣል፣ ወፍራሙ ግን እዚያው ተበላልቶ ይቀራል። የሄርኩለስ ጣት ቢኖርህ ከዚህ ሳጥን ቤዝ አታወጣም።

ጎንበስ ብሎ ሽቦውን አየ። ሁሉም ነጭ ነው። ትዝ አለው፤ ያን ቀን ቀይ ሽቦ አልቆበት፣ ሱቅ መሄድ ሰንፎ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንደኛውን ጫፍ ቋጠሮ አስሮበት ነበር። ቋጠሮው በቀይ ሽቦ ፋንታ መሆኑ ነው። ታችኛው ስፒከር ላይ ቋጠሮው ያለው በማይሆነው በኩል ነው። በራሱ እጅ፣ በራሱ ብየዳ።

ሌላም ትዝ አለው። ወንድሙ በእነዚያ ሦስት ወራት ሁለት ቀን መጥቶ "ወንድም ጋሼ፣ ሳጥኑን እስቲ አንዴ እየው፣ የሆነ ነገር አለው" ብሎት ነበር። እሱ ደግሞ ምን ቢለው ጥሩ ነው? "የኔን ሥራ ተወውና ጣትህን እይ።"

መበየጃ ካውያውን አጋለ። የታችኛውን ስፒከር ሁለት ሽቦዎች አላቆ አቀያየራቸው። ከዚያ ማጉያዋን ሰካና "ተጫወቺ" አላት።

ወፍራሙን ክር መታችው። መደርደሪያው ላይ ያሉት የብሎን ጣሳዎች ተንቀጫቀጩ፣ የወንበሩ እግር ነዘረ፣ የጎረቤቱ ሰዓት ሠሪ ምን መጣ ብሎ አንገቱን በበሩ አስገባ። ልጅቱ አባቷ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

"ምን አደረግከው? እጅህ ይባረክ ጋሼ።"

ምርቃቷ እንደ ጋለ ካውያ ገባበት። ዝም ማለት ይችል ነበር። አርጅቶ ነው፣ አቧራ ነው፣ አይጥ ሽቦውን በልቶት ነው ቢላት ታምነዋለች፤ ወንድሙ እንደሆነ ተነስቶ አያጋልጠው። ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጣቶቿን አየና አልቻለም።

"ልጄ፣ የአባትሽ ጣት ደካማ አልነበረም" አላት። ስለ ቋጠሮው ነገራት። ወንድሙ ሁለት ቀን ስለመምጣቱም፣ እሱ ስለመለሰለትም አንድ ሳያስቀር ነገራት፤ እንባው ብርድ ልብሱ ላይ ዱብ ዱብ ይላል።

እሷ ጊታሩን ጭኗ ላይ አስተኝታ በመዳፏ ያዘችው።

"የጣቶቹ ጫፍ ላይ ጠባሳ ነበረው" አለች። "የቆየ ጠባሳ። ከምን መጣ ስለው 'ከስንፍና' ይለኝ ነበር። ለካ ክሩን ሲመታ ሲመታ ነው።"

ዶክተር ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

"አሁን ለማስተካከል ምን ያህል ጊዜ ፈጀብህ?"

"ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።"

እንደ አባቷ ሆደ ቡቡ ናት፤ እያለቀሰችም ማምለጫ ልትፈልግለት ሞከረች። "ያኔ ሥራ በዝቶብህ ይሆናላ፣ ጋሼ። ጊዜ አጥተህ።"

"አልበዛብኝም" አለ። "ሁለቱንም ቀን ሲመጣ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።"