ከስፒሉ ሥር የነበረችው ወረቀት

ጠዋት እንደ ወትሮዋ ተነሣች። ሻይ ጠጣች፣ አልጋዋን አነጠፈች፣ የባሏን ካፖርት ደርባ ወደ ሙዚየሙ ሄደች። በነፍሳት ክፍል ሃያ ዓመት እሱ ከሜዳ ሲሰበስብ፣ እሷ በማይክሮስኮፕ ስትለይ ኖረዋል። ካረፈ ሰባት ወሩ ነው።

ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው የክፍሉ ኃላፊ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ሳሉ ደረሰች።

«ነይ እስኪ ልጄ! ይህቺን የሩዝ ፍሬ የምታህል ንብ ዝንብ ናት እያልኩ ስስቅባችሁ ኖሬ! ክንፏም፣ የፊቷ ቢጫ ነጥብም ከምናውቃቸው ከአንዷም አይገጥም። አዲስ ናት።»

ባሏ ንቧን የያዛት ከከተማው ጀርባ ካለው ገደል፣ አፈር ፈልፍለው ከሚኖሩት ንቦች መካከል ነበር። ሰኞ ዶዘር ገብቶ ድንጋይ ማውጣት ይጀምራል። ያቀረበችው አቤቱታ ገደሉ ላይ አዲስ ዝርያ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ዛሬ ካገኘ ቁፋሮው ይታገዳል። ሌላ ንብ እንዳትይዝ፣ ዝናብ ካልጣለ አይወጡም፤ ዝናቡ ገና አራት ወር ይቀረዋል።

«ይህንኑ ይጻፉልኛ፣ ጋሼ!»

«ምን ገዶኝ! መለያ ወረቀቷን አምጪያት፤ ንቧ የተሰካችበት ስፒል ሥሩ ባዶ ነው።»

ንቧ የት፣ መቼ፣ በማን እንደተያዘች የምትናገረው ጥፍር የምታህል ወረቀት በባሏ እጅ የተጻፈች ነበረች። በቀብሩ ማግሥት ሰው ሳያያት ከስፒሉ መዝዛ ካፖርቱ ኪስ ከተተቻት። ተማሪዎቹን «ወረቀት የነካ እጁን እቆርጠዋለሁ» ስትል የኖረችው እሷው ናት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ደፍራ አላየቻትም።

እጇን ሰደደች። ኪሱን ገለበጠችው። ገበሩን በምላጭ ተረተረችው። የባሏ እህት ባለፈው ሳምንት «ይሄ ካፖርት ካንቺ ጋር አብሮ ሊሻግት ነው እንዴ?» ብላ ቀልዳ አጥባላት ነበር። ከስፌቱ ጥግ የወጣው ግራጫ የወረቀት ብናኝ ብቻ ነው።

«ከገደሉ ናት፣ ጋሼ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። እምልልዎታለሁ።»

«እኔማ አምንሻለሁ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ግን ከሳሿም አንቺ፣ ምስክሯም አንቺ? ይስቁብናል፣ ልጄ።»

ቁራጭ ወረቀት ቀድዳ እርሳስ አነሣች። የእሱን የእጅ ጽሑፍ ከራሷ ይልቅ ታውቀዋለች። ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እርሳሱን መልሳ አስቀመጠችው።

ሰኞ ገደሉ ተቆፈረ። ንቧ ሣጥኗ ውስጥ፣ ስፒሏ ላይ ናት። ከሥሯ ወረቀቷ የለችም።