የፕሪንተሩ አድራሻ

ሰብለወንጌል እሳት ላይ የተቀመጠች ትመስል ነበር። አንዴ ላፕቶፑን፣ አንዴ ፕሪንተሩን፣ አንዴ መስኮቱን ታያለች። የአክስቷ ልጅ ልዑልሰገድ ጠዋት ሞጆ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞቷል። እናቱ እትዬ መሰለች ግን ግቢው ማዶ ባለው ቤታቸው፣ ልጃቸው ሥራ ላይ ያለ መስሏቸው ምስር ይለቅማሉ። መርዶው ነገ ንጋት ላይ በሽማግሌ ይነገራቸዋል፤ እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተብሏል። ለቀስተኛው ደረቱ ላይ የሚያደርገውን ፎቶ ማተም ደግሞ የሰብለ ድርሻ ሆነ። ፎቶ ቤት ቢወሰድ ወሬው ቀድሞ ቤት ይገባላ! አዳማ እኮ ናት።

ይሄ የተረገመ ፕሪንተር ታዲያ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ እምቢ ብሏል። ኮምፒውተር ጠጋኙ ኑዕማን ጋ ደወለች።

«አድራሻው ተቀይሮ ነው» አላት። «የዋይፋዩ ገጽ ላይ ገብተሽ የተገናኙትን ዕቃዎች እዪ። የፕሪንተርሽን ስም ስታገኚ አጠገቡ ያለውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ሙዪው።»

ገባች። አገኘችው! ያው ስም፣ አጠገቡም ቁጥር። «እሰይ! ተመስገን!» ከሥር ሌላ ይኑር አይኑር ማን ያያል? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ ሰብለ ግን ለመልቀምም አልታደለች። ቁጥሩን ሞላች፣ ብዙ ኮፒ አዘዘች፣ ተጫነች።

አጠገቧ ያለው ፕሪንተር ጭጭ አለ። ማዶ ካለው ቤት ግን የፕሪንተር ድምፅ ተሰማ።

ክው አለች። እንዴት ረሳችው! ልዑልሰገድ አንድ ዓይነት ሁለት ገዝቶ፣ አንዱን ለእሷ ሰጥቶ ሌላውን እናቱ ሳሎን አስቀምጧል፤ ግቢው ደግሞ የሚጠቀመው አንድ ዋይፋይ ነው።

እየሮጠች ስትወጣ እትዬ መሰለች ፎቶውን ይዘው በረንዳ ላይ ብቅ አሉ፤ ፊታቸው በርቷል።

«ሰብልዬ፣ ነይማ እዪ! ልዑሌ ከሥራ ቦታው ፎቶውን ላከልኝ። ሲያምርበት አታዪም!»

«አዎ እትዬ... አምሮበታል።» እጇን ዘረጋች። «ይስጡኝ፣ እኔ ላስቀምጥልዎ።»

ፕሪንተሩ እንደገና ጮኸ። ሌላ ፎቶ። ደግሞ ሌላ።

«ይሄ ልጅ ዛሬ ምን ሆኗል?» ብለው እየሳቁ ገብተው ይሰበስቡ ጀመር። ሰብለ ተከትላ ገብታ ገመዱን ነቀለች፤ ምን ዋጋ አለው፣ ዘግይታለች። እትዬ መሰለች ወረቀቶቹን ታቅፈው አንድ በአንድ ያገላብጣሉ። በዚያ ሰፈር ስንት ለቅሶ ደርሰዋል፤ የስንቷን ልጅ ፎቶ ደረታቸው ላይ በስፒል አያይዘዋል። ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ሰብልዬ» አሉ፣ «ለአንዲት እናት አንድ ፎቶ አይበቃትም?»