ኢዶ ማለት ዓይን አይደለም

ኢዶ ከሰሜኑ ከዛሪያ ደቡብ ኢባዳን ድረስ በአውቶቡስ ተንገላትታ የመጣችው አንድ ነገር ፈልጋ ነው፤ የእኔ የምትለው ሰው። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አላገባች፣ አልወለደች። እናቷ ዮሩባ፣ የዚህ የደቡቡ ሕዝብ ወገን፣ እንደነበረች ታውቃለች። በአራት ዓመቷ ሞታባት አከራያቸው ሀጂያ ላሬ አሳደጓት፤ አምና ደግሞ ሀጂያም አረፉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስሟን የሚጠራ የለም። ስሙን ሳይሰማ ሳምንት የሞላው ሰው ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል።

ኮረብታው ላይ ካለው የባህል ማዕከል ስትደርስ ቲኬት ቆራጯ ወደ ኢያ ሞሮንኬ መራቻት። ኢያ፣ በዮሩባ እናት ማለት ነው፣ የየቤተሰቡን ውዳሴ በቃላቸው የያዙ አሮጊት ናቸው፤ አገርህንና የአባትህን ቤት ከነገርካቸው ዘርህን ቆጥረው ያስለቅሱሃል። ኢዶ በሰሜን እንደለመደችው ቁጢጥ ብላ ሰላምታ ሰጠች።

«ተንበርከኪ እንጂ! ዶሮ ልትይዢ ነው እንዴ?» አሏት።

ተንበረከከች።

«አገርሽ የት ነው?»

«አላውቅም፣ ኢያ።»

«የአባትሽ ቤትስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ታዲያ ማንን ላወድስልሽ፣ ወንበሩን? ለመሆኑ ስምሽ ማነው?»

«ኢዶ። በእኛ በዛሪያ ቋንቋ፣ በሀውሳ፣ ዓይን ማለት ነው። ዓይኔ ትልልቅ ስለሆነ ይመስለኛል።»

«ዮሩባ እናት ልጇን በሀውሳ ዓይኔ ብላ ልትጠራ? ኧረ ወዲያ! እስቲ እንደ እሷ አድርገሽ ጥሪው።»

ኢዶ አፈረች። ዓይኗን ጨፍና እናቷን ከጉድጓድ ውኃው አጠገብ አየቻት። «ኢዶ-ዉ! መጨረሻ ላይ ዉ ትል ነበር፤ ከሩቅ ስትጣራ መሰለኝ።»

አሮጊቷ የጥርስ መፋቂያቸው ከእጃቸው ወደቀባቸው። «ኢዶዉ! አንቺ ሞኝ፣ ኢዶዉ እኮ ነሽ! ከመንታ ቀጥሎ የሚወለድ ልጅ ነው ኢዶዉ የሚባለው። መንታዎቹ የት አሉ?»

ሁለት ሰው! ኢዶ ደስታው አናቷ ላይ ወጣ። የሀጂያን ክፍል ለአንዱ፣ የራሷን ለሌላው በልቧ አነጠፈች። «በሕይወት አሉ?» አለች።

ኢያ እጇን ይዘው ወደ ማዕከሉ የመስታወት መደርደሪያ ወሰዷት። ከክንድ የሚያንሱ ሁለት የእንጨት ምስሎች ቆመዋል፤ ፊታቸው ከመታጠብ ብዛት ተፍቋል።

«መንታ ሲሞት ይኼ ይቀረጽለታል። እናት ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ የሚወደውን ቦሎቄ ታቀርብለታለች። እንዲህ ያለ ቤታችሁ ነበር?» አሉ።

ወይ ጉድ! ኢዶ ምስሎቹን አወቀቻቸው። በእናቷ ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው የነበሩት ሁለት አሻንጉሊቶችም ልክ እንዲህ ያሉ ነበሩ። ቦሎቄ በተቀቀለ ቁጥር ሦስት ሳህን ይወጣ ነበር፤ ወደ ሁለቱ እጇን ስትሰድ በጥፊ ትባላለች። እናቴ ስስታም ነበረች እያለች ነው ያደገችው። እናቷ በሞተች ሰሞን ዝናብ ሆኖ ማገዶ ረጠበ፤ ሀጂያም «ጣዖት በቤቴ አይቀመጥም» ብለው ምድጃው ፊት ተቀመጡ።

«ኢያ፣ አሻንጉሊቶቹን ለእሳቱ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «አንድ ባንድ።»

«ሕፃን ነበርሽ» አሏት አሮጊቷ። አገሯ ስላልታወቀ የሚያወድሱላት ዘር አልነበራቸውም። ስሟን ብቻ ሦስት ጊዜ ጠሩላት፣ ሙሉውን። አለቀሰች።

ከኮረብታው ግርጌ ምግብ የምትሸጥ ሴት አለች። ኢዶ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሦስት ሳህን ቦሎቄ አዘዘች።

«ሰው አለሽ?» አለች ሴትዮዋ።

«ታላላቆቼ አሉ።»

የራሷን በላች። ሁለቱ ሳህኖች ፊት ለፊቷ ቀዘቀዙ፣ የዘንባባ ዘይቱ ረጋ። ሰው መጣ፣ በልቶ ሄደ። ሴትዮዋ አላስችል አላት።

«እነዚህ ሰዎችሽ እኮ ዘገዩ፣ እህቴ። ላሙቀው?»

«እነሱ አልዘገዩም» አለች ኢዶዉ፣ ሳህኖቹን ወደ ጥላው እየሳበች። «የዘገየሁት እኔ ነኝ።»