ሠዓሊው የሰረቀው ጭስ

ሙስጠፋ በጉብዝናው ዘመን የድሬዳዋን ባቡር እሳት በእንጨት ሲያነድ ስንት ጫካ አመድ ያደረገ ሰው ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ግን ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ የአንድ ሙዚየም ዘበኛ ሆኖ፣ ሰማይ የሚያህል የድሮ ሥዕል ይጠብቅ ነበር። በሥዕሉ ላይ ወደዚያ አገር የገባው የመጀመሪያው ባቡር በረዷማውን ተራራ ይወጣል፤ ጭሱ ግን ከጥጥ ክር አይበልጥም።

አስጎብኚዋ፣ «ባቡሩ ተራራውን ሳይጎዳ ገባ» ስትል ሙስጠፋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ዘበኛ ከጎብኚ ጋር አያወራም! ከሥራ ፋየር ያደርጉዎታል» አለው ባልደረባው ያብስራ።

«ያድርጉኛ! ዳገት የሚወጣ ባቡር ሰማይ ያጠቁራል። ጥቀርሻውን የዋጥኩት እኔ ነኝ!» አለና በእንግሊዝኛ ጮኸ፦ «ሠዓሊው ዋሽቷል!»

ጎብኚው ሁሉ ዞረ። አለቃው ጣቱን እያወዛወዘ ሲመጣ፣ ሙስጠፋ የደረት ባጁን ፈትቶ አቀበለውና ጭሱ የት ድረስ መጥቆር እንደነበረበት ለጎብኚዎቹ ማሳየቱን ቀጠለ።