ለሟች የተሰፋ ካፖርት

ልብስ ሰፊው ዕድሜው ዐርባን እስኪጠጋ ድረስ ሴትን የሚያውቀው በሜትር ነበር፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ። ስለዚህ ፍቅር ሲይዘው እንደ ኩፍኝ ያዘው። ኩፍኝ ደግሞ በልጅነት ካልወጣ በትልቅነት ይብሳል።

ሴትዮዋ መጀመሪያ የመጣችው ለባሏ ካፖርት ልታሰፋ ነው። ባልየው ጊዜ የለውም ብላ አሮጌውን ለልክ አመጣች፤ ሲያልቅም ራሷ መጥታ ወሰደች። ብዙም ሳይቆይ ጥቁር ለብሳ ተመለሰች። አዲሱ ካፖርት ወንዝ ዳር ተጣጥፎ ተገኝቷል፤ ባልየው ግን የለም። «ውኃ ወሰደው» አለች፣ በነጭ መሐረብ ዓይኗን ጫን ጫን እያደረገች።

ከዚያ ወዲህ ካውያው አጠገብ ያለችው ወንበር የእሷ ሆነች። «እርስዎ» ትለው የነበረውን ሰው «አንተ» ማለት ጀመረች። እሱም የአንዱን ደንበኛ ሱሪ አቃጠለ፤ ለሌላው ሁለት የግራ እጅጌ ሰፋ።

ጉዳይዋን ለመናገር አልቸኮለችም። ባሏ የሕይወት መድን ገብቶ ነበር፤ ድርጅቱ ግን መሞቱን አላመነም፤ ትቷት ጠፍቶ ይሆናል ባይ ነው። ካፖርቱ ውስጥ የልብስ ሰፊው ምልክት ስላለ የድርጅቱ መርማሪ ሊያነጋግረው ቀጥሯል።

«ውኃ በወሰደው ቀን እዚህ መጥቶ ነበር በለው» አለችው። «ካፖርቱን ራሱ ወሰደ፣ ወደ ወንዙ ልሂድ ሲል ሰማሁት በል። እኔ እኮ መሞቱን አውቃለሁ፤ ያጣሁት የሚያምነኝ ሰው ነው። ይሄ ይለፍ እንጂ እኔና አንተ ከዚህ አገር እንወጣለን።»

በሐሰት መመስከር እንደሚያሳስር ያውቃል። ግን «እኔና አንተ» ካለችው በኋላ የቀረው ቃል ጆሮው አልገባም።

የሰማችው ታላቅ እኅቱ ናት። እዚያው ሱቅ ጥግ ተቀምጣ አዝራር ትተክላለች፤ መርፌዋና ምላሷ እኩል ይወጋሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሰውየው ሞቷል?» አለችው በቀጠሮው ዋዜማ።

«እሷ ናታ ያለችው።»

«ምን ብላ?»

«ውኃ ወሰደው ብላ።»

«ወሰደው ትላለች። ሄደ ትላለች። እስቲ አንድ ቀን ነፍሱን ይማር ስትል ሰምተሃታል?»

ሜትሩን አንሥቶ ይጠቀልል ጀመር።

«የኔን ባል ታውቀዋለህ። በቁሙ ያላወረድኩበት ስድብ የለም። ከሞተ በኋላ ግን ነፍሱን ይማር ሳልል ስሙን ጠርቼ አላውቅም። ወድጄው መሰለህ? እንደ ማስነጠስ ነው፣ ራሱ ነው የሚወጣው።»

«ሐዘኑ ከብዷት ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች እኅቱ፣ ክሩን በጥርሷ እየቆረጠች። «ላንተ ግን ጥቁር የለበሰ ሁሉ መበለት ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ መጣች። እኅትየው ክር ልግዛ ብላ ወጣች። ልብስ ሰፊው ጨርቅ እየቆረጠ፣ ቀና ሳይል፣ «ሰፊ ትከሻ ነበረው፣ ነፍሱን ይማርና» አለ።

መቀሱ ቆመ። አሜን አልመጣም።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትሄደው?» አለችው።

«አሜን አላልሽም።»

«ምን?»

«ነፍሱን ይማር በይኝ። አንዴ ብቻ። ነገ ያልሽኝን ሳላዛንፍ እናገራለሁ።»

ሳቀች። «ልጅ ሆንክ እንዴ?» ከዚያ አፏን ከፈተች። «ነፍሱን...» አለችና ሌላ ሰው የሚሰማት ይመስል በሩን አየች። አፏን መልሳ ገጠመች። እስከዛሬ ብዙ ጊዜ አልቅሳለች፣ በመሐረብ፣ አምሮባት። አሁን ግን አፍንጫዋ ጭምር ፈሰሰ፤ መሐረቡም ትዝ አላላትም።

«በቁሙ ላለ ሰው እንዴት ይባላል?» አለች በመጨረሻ።

ነገሩ ይኸው ነው። ባልየው አንድ ቦታ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ልብስ ሰፊውን የከነከነው ግን ይህ አይደለም። ጎረቤቱን፣ መርማሪውን፣ እሱን ራሱን ምላሷ ሳይደናቀፍ የዋሸች ሴት፣ ባሏ ላይ ሟርት እንዳይሆንበት አንድ ቃል ፈራች። ለልብስ ሰፊውስ እንዲህ የፈራለት ሰው ኖሮ ያውቃል? ቀናበት፤ ባላየው ሰው።

«እኔ ነገ የማውቀውን ብቻ ነው የምናገረው» አላት። «ማለዳ የሚነሣ አውቶቡስ አለ።»

ተነሣች፣ ፊቷን በእጇ ጠረገች። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «እርስዎ ጥሩ ሰው ነዎት» አለችው።

«አንተ» ብላ ብትሰድበው እንኳ በመረጠ ነበር።

በማግስቱ መርማሪው ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ስፌቱ የርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሰውየውስ በጠፋበት ቀን መጥቶ ነበር?»

«ሰውየውን አይቼው አላውቅም። ካፖርቱን የወሰደችው ሚስቱ ናት።»

መርማሪው ቀና ብሎ አየው። «ቤቷን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ» አለና መንገዱን ያስረዳው ጀመር፤ ከአደባባዩ፣ ከመድኃኒት ቤቱ፣ ከየመታጠፊያው፣ አንዱንም ሳይዘል፣ ተረጋግቶ። መስኮቱ ላይ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ የማለዳው አውቶቡስ ከተነሣ ቆይቷል።