የነቢዩ ስፒከር እና የጋሼ ኃይለአብ በገና

ነቢዩን ይቅር ብዬው አላውቅም። ፓስተራችን ስለ ይቅርታ በሰበከ ቁጥር ጮክ ብላ አሜን የምትለው እኔ ነኝ፤ አሜን እያልኩ የማስበው ግን ነቢዩ ምን ቢሆን አንጀቴ ቅቤ እንደሚጠጣ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታርኔት በሚባለው የሜልበርን ሰፈር ባለው ጋራዡ ውስጥ አብረን ስፒከር እንሠራ ነበር። እሱ እንጨት ይቆርጣል፣ ገዢ ያፈላልጋል። ድምፁን ለትልቁና ለትንሹ ስፒከር የሚያከፋፍለውን ሰርኪት የምነድፈው፣ የምለካው፣ እንደገና አፍርሼ የምሠራው እኔ ነበርኩ፤ ዩኒቨርሲቲም የገባሁት ለዚያው ነው። የመጀመሪያውን ሥራችንን ከተማ ውስጥ አንድ ሆቴል በተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ላይ አቀረብን። አንድ ነጋዴ ወደ እኔ እየጠቆመ፣ “እሷስ?” ብሎ ጠየቀው። ነቢዩ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ “ሳጥኖቹን የምትወለውልልኝ ናት” አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም፣ ሞኝ ነኝና፣ አብሬያቸው ፈገግ አልኩ። ከስድቡ ይልቅ ዛሬ ድረስ የሚያቃጥለኝ ያ የገዛ ፈገግታዬ ነው። በነጋታው ዕቃዬን ከጋራዡ አወጣሁ።

አሁን የሰው ስፒከር እየለካሁ ሪቪው፣ የግምገማ ጽሑፍ፣ እጽፋለሁ። ሥራዬ ቀላል ነው። አምራቹ የላከውን ማስታወቂያ እወስድና ቅጽሎቹን በሙሉ እሰርዛለሁ፤ የቀረውን እለካለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው የሳጥኑ ቁመትና ክብደት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የማይወዱኝ አምራቾች ብዙ ናቸው፤ የሜልበርን ነጋዴዎች ግን ውድ ስፒከር ከማስገባታቸው በፊት “ዶርቃ ለክታዋለች?” ብለው ይጠይቃሉ። ዶርቃ እኔ ነኝ።

ነቢዩ የጥሩ መኪና ዋጋ የሚጠየቅበት አዲስ ስፒከር ሠራ ሲባል ሰማሁ። ማስታወቂያውን ሳነብ ደሜ ፈላ። “ሙዚቃ ያልሆነውን ሁሉ የሚያስወግድ የመጀመሪያው ስፒከር” ይላል። በውስጡ ያለው ኮምፒውተር የሚያልፈውን ድምፅ እያዳመጠ ጩኸቱን፣ መንቀጥቀጡን፣ ሻካራውን ሁሉ ለቅሞ ያጠፋል፤ ቀረጻው ራሱ ቢበላሽ እንኳ ያጸዳዋል። ለአሮጌ ቀረጻ ሁሉ አዲስ ሕይወት ይሰጣል። እኔ ይህን ሁሉ ሰርዤ በወረቀቱ ላይ የማስቀረው ምን እንደሆነ እያሰብኩ ፈገግ አልኩ። ነጋዴዎቹ ደግሞ ዶርቃ ካልለካችው አንገዛም አሉት።

ስለዚህ ሽማግሌ ላከብኝ።

እንግዲህ የትኛው የስፒከር አምራች ነው ለሪቪው ሽማግሌ የሚልክ? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ጸጋዬና እትዬ እናኑ ከሱቅ የተገዛ ኬክ ይዘው ሜድስቶን ሰፈር ቤቴ መጡ። ጋሼ ጸጋዬ ጡረታ የወጡ የትራም ሹፌር ናቸው፤ በከተማችን ምዕራብ በኩል እሳቸው ያላስታረቁት የተጣላ ሐበሻ የለም። እትዬ እናኑ ደግሞ በአንድ ግድግዳ የምንለያይ ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው ጋሼ ኃይለአብ ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

“ልጄ፣ እኛ ስለ ስፒከር የምናውቀው ነገር የለም” አሉ ጋሼ ጸጋዬ። “የመጣነው ስለ ሁለታችሁ ነው። ጥፋቱን አምኗል። ይቅር በይውና ከዚያ እንደፈለግሽ ለኪው።”

“ጋሼ፣ እሱ እርስዎን የላከው ሪቪው ፈልጎ ነው እንጂ እኔን ፈልጎ አይደለም።”

“ቢሆንስ? በምንም ምክንያት ይምጣ፣ መጥቷል።”

እትዬ እናኑ ግን ከሶፋው ተነሥተው ሊንበረከኩ ሲሉ ዘልዬ ያዝኳቸው። ጉልበታቸውን ታመው የኦፕሬሽን ወረፋ እየጠበቁ ናቸው። እኒህን ሴትዮ በዚያ ጉልበታቸው ወለሌ ላይ አንበርክኬ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

“እሺ፣ ይቅር ብያለሁ” አልኩ። “ማይክሮፎኔ ግን ይቅር አይልም።”

ጋሼ ጸጋዬ ቀልድ መስሏቸው ከልባቸው ሳቁ። ኬኩንም ቆርሰን በላን።

ነቢዩ ስፒከሮቹን ራሱ አመጣልኝ። “ዶርቅዬ!” ብሎ አቀፈኝ፤ በመካከላችን አንዳች ነገር እንዳልነበረ ሁሉ። ከወጣ በኋላ በሩን ቆልፌ ሥራዬን ጀመርኩ። ማንኛውም ስፒከር ያልተሰጠውን ድምፅ ከራሱ ትንሽ ይጨምራል፤ ንጹሕ ድምፅ ይገባና ሲወጣ ጥቂት ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። የእኔ ሥራ ያንን ቆሻሻ መለካት ነው። የነቢዩ ስፒከር ቆሻሻ አልነበረውም። ማይክሮፎን ቀየርኩ፣ ኬብል ቀየርኩ፣ ስፒከሩን ወደ ሌላ ክፍል ወሰድኩ። ፒያኖ ሰማሁበት፣ ቫዮሊን ሰማሁበት፣ የተጫጫረ የድሮ ሸክላ ሰማሁበት፤ ሁሉም ጥርት ብሎ ወጣ። በግልጽ ልናገረው፦ ማስታወቂያው እውነት ነበር። መሬት ላይ ተቀምጬ በንዴት አለቀስኩ። ያ ሰውዬ ውሸታም ሆኖ እንዲገኝልኝ ነበር የምፈልገው፤ ይህን እንኳ ነፈገኝ።

ሪቪውን ልጀምር ተቀምጬ ሳለ ከግድግዳው ወዲያ በገና ተሰማኝ። የዐቢይ ጾም ወቅት ነበርና እትዬ እናኑ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የባላቸውን ካሴት ይከፍታሉ። ጋሼ ኃይለአብ በገና ደርዳሪ ነበሩ። እኔ በኪቦርድና በጊታር ቤተ ክርስቲያን ያደግሁ ነኝ፤ በገናን ያስተማረኝ ይህ ግድግዳ ነው። የበገና ድምፁ ንዝረቱ ነው። ከአውታሮቹ ሥር እንዝር የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ አውታሩ ሲመታ ቆዳው ላይ እየተንቀጠቀጠ እንደ ንብ ያጉረመርማል። ያ መንቀጥቀጥ ከሌለ በገና የለም። የጋሼ ኃይለአብም ድምፅ ሻካራ ነበር፤ ከደረታቸው ሥር እየተጎተተ የሚወጣ።

መንቀጥቀጥ። ሻካራ። ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ያንኑ ዕለት ሄጄ ካሴቱን ላድስልዎት፣ ኮምፒውተር ላይ ላስቀምጥልዎት አልኳቸው። በመሐረብ ጠቅልለው ሰጡኝ። “ሌላ የለኝም፤ ዐደራ” አሉኝ። ቀዳሁና በነቢዩ ስፒከር ከፈትኩት። ንዝረቱ የለም። ኮምፒውተሩ ብልሽት መስሎት ለቅሞ አጥፍቶታል። የቀረው ጣት እንጨት ሲያንኳኳ ዓይነት ድው ድው የሚል ነገር ነው። ጋሼም ጉሮሯቸው ታጥቦ ማንም የማያውቀው ለስላሳ ወጣት ሆነዋል። ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ፤ እስኪያስለኝ ድረስ ሳቅሁ። ሙዚቃ ያልሆነውን ሁሉ ያስወግዳል ተብሎ የለ? ሙዚቃ ምን እንደሆነ ማን ነገረው?

ለነቢዩ ደውዬ ልነግረው እችል ነበር። ሪቪው ውስጥ በሁለት አንቀጽ ልጽፈውም እችል ነበር፤ በቂ ነበር። ግን እኔ የተሳቀብኝ በጽሑፍ አይደለም፤ በሰው ፊት ነው። በጽሑፍ የሚከፈለኝን አልፈለግሁም።

ለጋሼ ጸጋዬ ደወልኩ። “ጋሼ፣ እርቃችን እንዲጸና አንድ ነገር አስቤያለሁ። ፊትዝሮይ አዳራሽ ውስጥ ስፒከሩን ሲያስመርቅ የጋሼ ኃይለአብን በገና ያሰማልን። እትዬ እናኑም የክብር እንግዳ ይሁኑ።” ጋሼ ጸጋዬ ስልኩ ላይ መረቁኝ፣ መረቁኝ፣ አልጠግብ አሉ። የቀዳሁትን ለነቢዩ ላክሁለት። በነጋታው ደስታው አላስቀምጥ ብሎት ደወለ።

“ዶርቅዬ፣ ካሴቱ እንዴት ተበላሽቶ እንደነበር ሰምተሻል? እንደዚያ ሲንጫጫ! ስፒከሩ ሙልጭ አድርጎ አጸዳልኝ። ጋሼን ስቱዲዮ ያስገባኋቸው ነው የሚመስለው!”

እሱም እንደ እኔው የኪቦርድና የጊታር ልጅ ነው፤ የእኔ ግድግዳ ግን አልነበረውም። “እትዬ በጣም ነው ደስ የሚላቸው” አልኩት።

የምረቃው ቀን እትዬ እናኑን በመኪናዬ ወሰድኳቸው። አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ነበር። መንገድ ላይ መስተዋቱን እየገለጡ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ከስፒከሮቹ ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው፤ ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ነጋዴዎቹ መጥተዋል፣ ጋዜጠኞች መጥተዋል፣ ወገኖቻችንም አዳራሹን ሞልተውታል። ነቢዩ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ተናገረ። ፒያኖ አሰማ፤ ሰው ተነፈሰ። የሴት ድምፅ አሰማ፤ አንድ ነጋዴ ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያ፣ “አሁን ደግሞ በሕይወት ለሌሉት አባታችን አዲስ ሕይወት እንሰጣለን” አለና በገናውን ከፈተው።

ድው። ድው። ድው።

እትዬ እናኑ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው፣ አንገታቸውን ወደፊት አስግገው ጠበቁ። ጠበቁ፣ ጠበቁና ወደ ነቢዩ ቀና አሉ።

“ልጄ፣ መቼ ነው የሚጀምረው?”

ነቢዩ ሳቅ አለ። “ጀምሯል እኮ እትዬ። ጋሼ ናቸው።”

“ኃይለአብ?” አዳምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። “አይደለም። ይኼ በገና አይደለም። ይኼን ልጅም አላውቀውም።”

ከኋላ የነበሩት ሽማግሌዎች ማጉረምረም ጀመሩ። “እንዝሩን ማን አወጣው?” አለ አንዱ። ስጠብቀው የነበረው ሰዓት ደረሰ። ተነሥቼ መድረኩ ላይ ወጣሁ። በእንግሊዝኛ፣ ለነጋዴዎቹ እንዲገባቸው አድርጌ፣ ስፒከሩ የማያውቀውን ድምፅ ሁሉ ብልሽት እንደሚለው፣ ሠሪውም ልዩነቱን እንዳልሰማ ተናገርኩ። ያንኑ ቀረጻ በአንዲት ተራ፣ በእጅ በምትያዝ ስፒከር ከፈትኩት። ንዝረቱ አዳራሹን ሲሞላው ሰው ሁሉ ሰማ። የሚደንቀው፣ ያ ዐይኑን የጨፈነው ነጋዴ ነው መጀመሪያ የሳቀው። ሳቁ ከወንበር ወደ ወንበር ሄደ። ነቢዩ መሀል ላይ ቆሞ፣ ግራ የገባው ፈገግታ ፊቱ ላይ ቀርቶ ነበር። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ አልዋሽም፣ ጠጣ። ነጋዴዎቹ ካርዳቸውን እንኳ ሳይሰጡት ወጡ።

ነቢዩ ግን ወደ እነሱ አልሮጠም። እትዬ እናኑ እግር ሥር ሄዶ ተደፋ። “የካሴቱ ብልሽት መስሎኝ ነው እትዬ፤ በሞቴ፣ አላወቅሁም” አላቸው። ራሱን ዳሰሱት። “ምን ታደርግ ልጄ፣ ሰምተኸው አታውቅ” አሉት። እኔ ስልኬን እያየሁ ነበር፤ ከአሁኑ መልእክት እየጎረፈልኝ ነው።

ስንመለስ እትዬ እናኑ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደገፉ። ደክሟቸው መሰለኝ። ቤታችን በር ላይ ደርሰን ሞተሩን ሳጠፋ፣ ቀበቷቸውን ሳይፈቱ ጠየቁኝ።

“ቀድመሽ ሰምተሽው ነበር?”

“አዎ እትዬ።”

“እንደዚያ ሆኖ?”

“አዎ። ሰው ሁሉ እንዲያውቅበት ብዬ ነው።”

እሳቸው በቀሚሳቸው ጥለት ላይ እጃቸውን ያመላልሳሉ። “አዲስ ሕይወት ሲሉኝ ጊዜ እኮ…” አሉና ተውት። ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ። “ትናንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንደ ሙሽራ ሆኜ ነው ያደርኩት። ኃይለአብ ቤት ሲገባ ያስል ነበር፤ ማሳሉን ሁሉ የምሰማ መስሎኝ ነበር።”

“እትዬ፣ ያጠፋው እኮ የነቢዩ…”

“ልጁ አላወቀም” አሉ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። “አንቺ ታውቂ ነበር። አውቀሽ ነው ፊት ወንበር ላይ ያስቀመጥሽኝ።”

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ካሴቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መሐረቡ ውስጥ መኖሩን ዳብሰው አረጋገጡና ጉልበታቸውን ይዘው ወረዱ። ልደግፋቸው በሬን ስከፍት፣ “ተይው፣ እችላለሁ” አሉኝ።

ስልኬ ይንጫጫል፤ እንኳን ደስ ያለሽ የሚለኝ ሰው ብዛቱ። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ የነቢዩን ፊት፣ ያን መሀል አዳራሽ ቆሞ የቀረውን ፊቱን፣ እንደገና በዐይነ ሕሊናዬ ላመጣው ሞከርኩ። ያን ያህል ዘመን የጠበቅሁት ፊት ነው። የሚመጣልኝ ግን አንገታቸውን አስግገው፣ መቼ ነው የሚጀምረው ብለው የጠየቁት የእትዬ እናኑ ፊት ነው።