ብልጭ ያለው ገጽ

ናዝሬት መካኒሳ ውስጥ ትንሽ ጽሕፈት ቤት አላት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎርም ትሞላለች፣ ኢሜይል መክፈት ላቃተው ትከፍታለች።

ማክሰኞ ጠዋት ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር ስትፈልግ፣ ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ገጽ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ብልጭ። ዓይኗ አልደርስበት ሲል ስክሪኑን በስልኳ ቀረጸችና ፍጥነቱን ቀንሳ አየችው። ሰምታው የማታውቀው አድራሻ ነው።

በሌላ ብራውዘር ስትሞክር ግን ምንም የለም።

ፎቅ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ዋቅጅራን ጠራችው። ቪዲዮውን ሁለቴ አየ።

«ብራውዘሩ ላይ ተጨማሪ ሥራ የሚሠራ ኤክስቴንሽን ጭነሻል?»

«አራት አሉኝ።»

«አንድ በአንድ እያጠፋሽ ሞክሪ።»

ሦስቱን አጠፋች፤ ብልጭታው አልቀረም። የቀረው ገጽን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይርላት ነው።

«ይሄማ አይሆንም! ሦስት ዓመት ሙሉ ያገለገለኝ ነው።»

«አጥፊውና እንየው።»

አጠፋችው፤ ብልጭታው ቀረ። መልሳ አበራችው፤ ተመለሰ። ናዝሬት ማመን ስላቃታት ሦስት ጊዜ ደጋገመችው።

«ያኔ ደህና ነበር ይሆናል» አለ ዋቅጅራ። «ሠሪው ለሌላ ሰው ሲሸጠው፣ አዲሱ ባለቤት በአፕዴት አሳቦ የፈለገውን ይጨምርበታል። ላንቺ ማንም አይነግርሽም።»

ናዝሬት ለኤክስቴንሽኑ የተሰጠውን ፈቃድ ከፍታ አነበበች፦ በምትከፍቻቸው ገጾች ሁሉ ያለውን መረጃ ማንበብና መለወጥ። ሁሉ! ወዲያው ትናንት እዚሁ ኢሜይላቸውን የከፈተችላቸው ወይዘሮ ገዲሴ ትዝ አሏት።

ኤክስቴንሽኑን አስወገደችው። የራሷን የይለፍ ቃል በስልኳ ቀየረች። ከዚያ አፍራም ቢሆን ለወይዘሮዋ ደወለች።

ወይዘሮ ገዲሴ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረሱ። የይለፍ ቃላቸውን ቀየሩ፣ ኢሜይላቸው የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር አብረው ተመለከቱ። እንግዳ ነገር አልነበረም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ።»

«ባትነግሪኝ ነበር የምቀየምሽ» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «ለመሆኑ ይሄ ነገር የት ነው የሚታየው? አሳይኝ እስቲ።»

አሳየቻቸው። ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው ደወሉ።

«የልጄን የሲናን ኮምፒውተር ከፈትነው። አሥራ አንድ ኤክስቴንሽን አገኘን! ስድስቱን ማን እንደጫነው እሷም አታውቅም።»

«ስድስቱን ያጥፏቸው። ኮምፒውተሩን ይዛችሁ ኑና የቀሩትን አብረን እናያቸዋለን።»

«መጣን» አሉ ወይዘሮ ገዲሴ።